85 ወይስ 135? ጎንደር ላይ ለሚሠራ ሚረርለስ ካሜራ ፈጣን ቴሌፎቶ ፕራይም ሌንስ አመራረጥ

ጎንደር ላይ በካሜራ የሚሠራ ሰው ሌንስ ፍለጋ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ጥምቀት፣ በማግስቱ ቃና ዘገሊላ፣ ከዚያ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ደግሞ ሰርግ በሰርግ ነው። በዚህ ሰሞን «85 ልግዛ ወይስ 135?» የሚለው ጥያቄ ከፎቶ አንሺዎች አፍ አይጠፋም። ቁጥሮቹ የሌንሱ ሚሊ ሜትር ናቸው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ሌንሱ ሩቁን ይበልጥ ያቀርባል።

መልሱ ከሌንሱ አይጀምርም፤ ቆማችሁ ከምታነሱበት ቦታ ነው የሚጀምረው። ርቀቱ ከታወቀ ሚሊ ሜትሩ ራሱ ይወጣል። አፐርቸሩ (በኤፍ ቁጥር የሚለካው የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ)፣ ብራንዱና ዋጋው ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው ውድ ሌንስ ገዝቶ ቦርሳ ውስጥ ያስቀምጣል። 85 ኤፍ 1.4 ይዞ ከሕዝቡ ኋላ ሲቆም ካህናቱ ፍሬሙ ውስጥ ጠፍተው ይቀራሉ፤ 135 ይዞ ሳሎን ሲገባ ደግሞ ጀርባው ግድግዳ ነክቶም ሙሽራዋ ሙሉ አትገባለትም።

ለጀማሪ ያህል፦ ፕራይም ማለት ዙም የማያደርግ፣ ቴሌፎቶ ደግሞ ሩቁን የሚያቀርብ ሌንስ ነው። ፈጣን የሚባለው አፐርቸሩ እስከ ኤፍ 2 ወይም ከዚያ ባነሰ ቁጥር የሚከፈተው ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል፣ ብርሃን ይበዛል። 200 ሚሊ ሜትር ላይ ግን ኤፍ 2.8ም ፈጣን ነው።

ደረጃ 1፦ ርቀቱን በእርምጃ ለኩ

አዘውትራችሁ የምትሠሩባቸውን ሦስት አራት ቦታዎች ጻፉ፦ የፋሲል ግቢ ሣር፣ የሰርግ አዳራሽ፣ የሙሽራዋ ቤት ሳሎን፣ ታቦታቱ የሚያልፉበት መንገድ፣ የፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ። ሰው በሌለበት ቀን ሂዱና እናንተ ከምትቆሙበት እስከሚነሳው ሰው ድረስ ያለውን በእርምጃ ቁጠሩ። የአዋቂ ሰው ሰፋ ያለ እርምጃ ከ70 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፣ አሥር እርምጃን ከ7 እስከ 8 ሜትር አድርጋችሁ ያዙት። በእግር የማይሄድበትን፣ ለምሳሌ መዋኛውን ከዳር እስከ ዳር፣ ስልክ ላይ ባለ የሳተላይት ካርታ መለካት ይቻላል።

ከዚያ ይህችን ስሌት ተጠቀሙ። ካሜራው ፉል ፍሬም (ብርሃን ተቀባይ ሴንሰሩ 36 በ24 ሚሊ ሜትር የሆነ) ሆኖ በቁም ሲያዝ፦

ርቀት = ፍሬሙ ውስጥ እንዲገባ የምትፈልጉት ቁመት × የሌንሱ ሚሊ ሜትር ÷ 36

ቁመቱን በሜትር ካስገባችሁ ርቀቱም በሜትር ይወጣል። ካሜራው በአግድም ከተያዘ በ36 ፈንታ በ24 አካፍሉ።

ሰውን ከእግር እስከ ራስ፣ ከላይና ከታች ትንሽ ክፍት ቦታ ትቶ ለማንሳት 2.2 ሜትር ቁመት ያስፈልጋል። በ85 ሌንስ ይህ 5.2 ሜትር ርቀት ይጠይቃል፣ በ135 8.25 ሜትር፣ በ200 12.2 ሜትር። ከወገብ በላይ ከሆነ 1.1 ሜትር ይበቃል፤ ርቀቱም በቅደም ተከተል 2.6፣ 4.1 እና 6.1 ሜትር ይሆናል። ፊትና ትከሻ ብቻ ለማንሳት 0.7 ሜትር ያዙ፦ 85 በ1.65 ሜትር፣ 135 በ2.6 ሜትር፣ 200 በ3.9 ሜትር።

እነዚህን ቁጥሮች ከእርምጃችሁ ጋር አስተያዩ። አራት በአምስት ሜትር በሆነ ሳሎን ውስጥ፣ ሶፋውና ዘመድ አዝማዱ የያዘው ቦታ ሲቀነስ፣ የሚተርፋችሁ ሦስት ሜትር ቢሆን ነው። እዚያ 135 ከፊት በቀር ምንም አያወጣም፤ 85 ግን ከወገብ በላይ ይሰጣችኋል። ፋሲል ግቢ ውስጥ ደግሞ ስምንት ሜትር ወደ ኋላ መሄድ ችግር አይደለም፤ ሙሽሮቹን ሙሉ አስገብቶ ከኋላቸው ያለውን ግንብ ቀረብና ገዘፍ አድርጎ የሚያሳየው 135 ነው።

የጥምቀት መንገድ ሌላ ነገር ነው። ምንጣፍ የሚያነጥፉት ወጣቶች፣ መዘምራኑ፣ ካህናቱና ሕዝቡ መንገዱን ሞልተውት ስለሚሄዱ ወደፊት ተጠግቶ መግባት አይቻልም፤ ታቦት ሲመጣ መንገድ ላይ መገተርም ነውር ነው። ዳር ይዛችሁ ከ6 እስከ 10 ሜትር ላይ ትሠራላችሁ ማለት ነው። ይህ የ135 ቤት ነው። መዋኛው ዳር ደግሞ ርቀቱ 20 ሜትር ቢሆን 135 በቁም የሚያየው 5.3 ሜትር ቁመት ነው፤ አንድ ካህን የፍሬሙን ሲሶ እንኳ በቅጡ አይሞላም። 24 ሜጋ ፒክስል ፎቶ ከየጎኑ ግማሽ ሲቆረጥ 6 ሜጋ ፒክስል ይቀራል፤ ይህ ለ20 በ30 ሳንቲ ሜትር ኅትመት ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሰው ግን 135 አይበቃውም፣ አያታልለው።

ክሮፕ ሴንሰር (ኤፒኤስሲ፣ ከፉል ፍሬም ያነሰ ሴንሰር) ካሜራ የያዘ ሰው በ36 ፈንታ በ24 ያካፍል፤ ካኖን ከሆነ በ22። ስለዚህ 56 ሚሊ ሜትር ፉል ፍሬም ላይ እንዳለ 85 ይሆንለታል፣ 85 ደግሞ ከ128 እስከ 136 ያህል። ክሮፕ ካሜራ ላይ 85 ኤፍ 1.8 መግጠም ወደ 135 የሚወስድ ርካሽ መንገድ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ይህን ሳያስብ ፉል ፍሬም ለመግዛት ይሮጣል።

ፍርዳችን ይህ ነው፦ ገቢያችሁ በአብዛኛው ከሰርግ ከሆነ መጀመሪያ 85 ግዙ። ጥምቀት፣ መድረክና መንገድ የሚበዛባችሁ ከሆነ 135። ስሌቱ በተደጋጋሚ 200 እያለ ካስቸገራችሁ ደግሞ ፕራይም መፈለጉን ተዉትና ወደ 70-200 ኤፍ 2.8 ዙም ሂዱ፤ ለሶኒ የሚሆነው የመጀመሪያው የታምሮን 70-180 ኤፍ 2.8 ክብደቱ 810 ግራም ብቻ ነው፣ ከብዙ 135 ያንሳል። ወደ ደባርቅ ወጥቶ ስሜን ላይ እንስሳት ለማንሳት ያሰበ ሰው ጭላዳን በ135 ሊያነሳ ይችላል፤ ከሰው ብዙም አይሸሽም። ዋልያ ግን በዚህ ሌንስ የሚሞከር አይደለም።

ደረጃ 2፦ ምን ያህል ፈጣን ይበቃችኋል?

ከተራ ላይ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ቀኑ እየመሸ ነው። ጸሎቱ ሌሊቱን ያድራል፤ ባሕሩ የሚባረከውም በማለዳ ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ ፍላሽ አይፈቀድም፣ መስኮቱም ትንሽ ነው። ፈጣን ሌንስ ዋጋውን የሚመልሰው በእነዚህ ሰዓቶችና ቦታዎች ነው።

ኤፍ 1.8 ከኤፍ 2.8 ወደ 2.4 እጥፍ፣ ከኤፍ 4 ወደ 5 እጥፍ፣ ከኤፍ 5.6 ደግሞ ወደ 10 እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ስለዚህ ኤፍ 1.8፣ ሸተር (ብርሃን የሚገባበት የሰከንድ ክፋይ) 1/250 እና አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበት መጠን) 3200 የሚበቃበት የሻማና የአምፖል ብርሃን ላይ፣ እስከ ኤፍ 5.6 ብቻ የሚከፈት፣ ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጥ ኪት ዙም አይኤስኦ 31,000 ገደማ ይጠይቃል። ያ ፎቶ የካህኑን ፊት በነጠብጣብ ይሞላዋል፤ የጥበቡ ጥለትም ይደበላለቃል።

ከኤፍ 1.8 ወደ ኤፍ 1.4 መውረድ ግን 1.65 እጥፍ ብርሃን ብቻ ነው የሚጨምረው። ለዚያ የምትከፍሉት በብርም በክብደትም ብዙ ነው፦ የሶኒ 85 ኤፍ 1.8 371 ግራም ሲመዝን የመጀመሪያው 85 ኤፍ 1.4 ጂ ማስተር 820 ግራም ነው። ሰርግ ላይ አሥር ሰዓት ሙሉ የሚቆም አንገት ይህን ልዩነት ያውቀዋል። ለመጀመሪያ ሌንስ ኤፍ 1.8 ይበቃል እንላለን።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር። «135 ስለሆነ ፎከሱ ይበልጥ ቀጭን ነው» ይባላል። ሰውየው ፍሬሙን እኩል እስከሞላ ድረስ፣ በአንድ ዓይነት አፐርቸር 85ም 135ም ጥርት አድርገው የሚያወጡት ጥልቀት እኩል ነው ማለት ይቻላል። ፊትና ትከሻ ሲነሳ፣ በ85 ከ1.65 ሜትር፣ በ135 ከ2.6 ሜትር፣ ኤፍ 1.8 ላይ ሁለቱም 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚያጠሩት። የተለየው ጀርባው ነው፤ 135 ከኋላ ያለውን ነገር አግዝፎ ያደበዝዘዋል፣ ድንኳኑና የቆመው መኪናም ይጠፋል።

ጥልቀቱ ቀጭን ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ ሙሽሮች ላይ እዩት። ከወገብ በላይ በ135፣ ኤፍ 1.8፣ ከ4 ሜትር ሲነሱ ጥልቀቱ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሙሽራው ከሙሽራዋ 20 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ከቆመ አንዳቸው ይደበዝዛሉ። መፍትሔው ትከሻ ለትከሻ ማቆም ወይም ወደ ኤፍ 4 መዝጋት ነው። ሚዜዎች ሲጨመሩ ኤፍ 5.6 ያዙ። ፈጣን ሌንስ ገዝቶ ሁሌም እስከ መጨረሻው ከፍቶ ማንሳት ደንበኛ የሚያጣ ልማድ ነው።

ደረጃ 3፦ ማውንት፣ ክብደትና የፊልተር ስፋት

ማውንት ሌንሱ ካሜራው ላይ የሚገጠምበት መጋጠሚያ ነው። እዚህ ብዙ መቆየት አያስፈልግም፤ በእጃችሁ ያለው ካሜራ አብዛኛውን ይወስንላችኋል።

ሶኒ ኢ ማውንት ምርጫው ሰፊ ነው። 85 ኤፍ 1.8 ፊልተሩ 67 ሚሊ ሜትር ነው። የሲግማ 85 ኤፍ 1.4 ዲጂ ዲኤን 630 ግራም፣ ፊልተሩ 77። የሶኒ 135 ኤፍ 1.8 ጂ ማስተር 950 ግራም፣ ፊልተሩ 82። የሳምያንግ 135 ኤፍ 1.8 772 ግራም ሲሆን፣ የቪልትሮክስ 135 ኤፍ 1.8 ላብ (LAB) በዋጋ ረከስ ቢልም ከ1.2 ኪሎ በላይ ነው። ኤ7 ማርክ 4ን የመሰለ 658 ግራም ካሜራ ላይ ሲገጠም ሁለት ኪሎ ሊደርስ ጥቂት ይቀረዋል።

ካኖን አርኤፍ ላይ የሌሎች ፋብሪካዎች ፉል ፍሬም አውቶ ፎከስ ሌንስ ምርጫ ጠባብ ነው። አርኤፍ 85 ኤፍ 2 ማክሮ 500 ግራም ነው፤ ማረጋጊያ አለው፣ እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ድረስም ይጠጋል። ስለዚህ ቀለበትና የጥበብ ጥለት ለማንሳት ሌላ ሌንስ አያስፈልግም። አውቶ ፎከሱ ግን ቀሰስተኛ ነው፣ ለእስክስታ አንመክረውም። አርኤፍ 135 ኤፍ 1.8 935 ግራም ነው፤ ዋጋው ለብዙው ሰው ከባድ ነው። በእኛ ገበያ የሚያዋጣው መንገድ አሮጌው ኢኤፍ ሌንስ ከካኖን አዳፕተር ጋር ነው፦ ኢኤፍ 85 ኤፍ 1.8 (425 ግራም፣ ፊልተሩ 58) እና ኢኤፍ 135 ኤፍ 2 (750 ግራም፣ ፊልተሩ 72)። የኢኤፍ ሌንስ ከሴንሰሩ 44 ሚሊ ሜትር እንዲርቅ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ የአርኤፍ 20 ነው። አዳፕተሩ የሚሞላው ይህንን 24 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ውስጡም መስታወት ስለሌለ ጥራት አይቀንስም። ሁለቱም አሮጌ ሌንሶች ማረጋጊያ የላቸውም፤ አር8ና አርፒ ካሜራዎችም የላቸውም። እንዲህ ያለ ጥምረት ሲያዝ ሸተሩን ከ1/250 በታች አታውርዱ።

ኒኮን ዜድ፦ 85 ኤፍ 1.8 470 ግራም፣ ፊልተሩ 67፤ 135 ኤፍ 1.8 ፕሌና 995 ግራም፣ ፊልተሩ 82። አሮጌ የኒኮን ሌንስ በኤፍቲዜድ አዳፕተር ሲገዛ ማስጠንቀቂያ አለ፦ አዳፕተሩ ሞተር ስለሌለው «ዲ» የሚል ምልክት ያላቸው 85 ኤፍ 1.8ን የመሳሰሉ ሌንሶች በእጅ ካልሆነ ፎከስ አያደርጉም። «ኤኤፍ-ኤስ» የሚል ከተጻፈበት ይሠራል።

ፉጂፊልም የያዘ ሰው ኤክስኤፍ 90 ኤፍ 2ን ይመልከት፤ 540 ግራም፣ ፊልተሩ 62፣ በእይታ ደግሞ 135 ማለት ነው።

የካሜራው ውስጥ ማረጋጊያ የሚይዘው የእጃችሁን መንቀጥቀጥ እንጂ የሚጨፍረውን ሰው አይደለም። ለሊቃውንቱ ሽብሸባ 1/250 ይበቃል። ትከሻ ለሚመታው እስክስታ ከ1/500 ጀምሩ፤ 1/800 ካገኛችሁ የተሻለ ነው።

ደረጃ 4፦ ሌንሱን ከመክፈላችሁ በፊት መርምሩ

ጎንደር ላይ እንዲህ ያለ ሌንስ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ያገለገለ ሆኖ ከሰው እጅ፣ ወይም ከአዲስ አበባና ከውጭ በሚመጣ ሰው በኩል ነው። ዋስትናው እዚህ አይሠራም ብላችሁ አስቡ። የራሳችሁን ካሜራ፣ ሙሉ ባትሪና ባዶ ካርድ፣ ትራይፖድ እንዲሁም ነጭ ነጠላ ይዛችሁ ሂዱ። ምርመራው አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ሻጩ አንድ ሰዓት ካልሰጠ ሌንሱን ተዉት።

መጀመሪያ መስታወቱ። ሁለቱንም ክዳን አውጡ፣ ጨለም ያለ ቦታ ግቡና የስልክ መብራት በአንድ በኩል አግድም አብሩበት፤ በሌላው በኩል እያዘነበላችሁ ተመልከቱ። ጥቂት የአቧራ ብናኝ ምንም አያደርግም፣ ፎቶ ላይ አይታይም። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ቀጭን ክር ካያችሁ ሻጋታ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም በቆዳ ቦርሳ ተዘግቶ የከረመ ሌንስ የሚይዘው በሽታ ነው። ይህን በምንም ዋጋ አትግዙ፤ ማጽጃው ውድ ነው፣ ሽፋኑን ከበላው ደግሞ አይመለስም። ጭጋግ የመሰለ ወጥ ብዥታ ካለም እንደዚያው፤ ጸሐይ ፊት ለፊት ስትሆን ፎቶውን ሁሉ ያነጣዋል። ፊት ለፊት ባለው መስታወት ላይ ያለ ትንሽ ጭረት ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅማችኋል እንጂ ብዙም አይጎዳም፤ ከኋላ በኩል ያለ ጭረት ግን ፎቶ ላይ ይወጣል።

ቀጥሎ ብረቱ። የማውንቱን ብሎኖች ራስ እዩ፦ ጥርሳቸው የተበላ ከሆነ ሌንሱ ተከፍቶ ነበር ማለት ነው። የወርቅ ቀለም ያላቸው መገናኛ ነጥቦች ንጹሕ መሆን አለባቸው። የፊልተሩ ጥርስ ጎድጉዶ ከሆነ ሌንሱ ወድቋል። ሌንሱን ቀስ ብላችሁ ስታወዛውዙት ውስጡ ኳኳታ ብትሰሙ አትደንግጡ፤ የሶኒ 135 ጂ ማስተርና የፉጂ 90 ካሜራው ሲጠፋ ውስጣቸው ያለው የፎከስ ክፍል ልቅ ስለሚሆን ይንኳኳል። ካሜራው ሲበራ ድምፁ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ሌላ ጉዳይ ነው።

ሦስተኛ አፐርቸሩ። ካሜራው ላይ ግጠሙት፣ ኤፍ 8 እና ሸተር 2 ሰከንድ አድርጉ፣ እያነሳ ሳለ ከፊት በኩል ወደ ውስጥ እዩ። ሽንሽኖቹ እኩል ተዘግተው ዙሪያው ወጥ የሆነ ቀዳዳ መሥራት አለባቸው፤ ዘይት የሚያብለጨልጭባቸው ከሆነ ይጣበቃሉ። ከዚያ ካሜራውን በአፐርቸር ቅድሚያ አድርጋችሁ አንድ ግድግዳ በኤፍ 1.8፣ 2.8፣ 4፣ 8 እና 16 አንሱ። አምስቱም ፎቶ እኩል ብርሃን ሊኖራቸው ይገባል። ኤፍ 8 እና 16 ላይ ያሉት ከሌሎቹ ይልቅ ከደመቁ ሽንሽኑ በጊዜው አይዘጋም።

አራተኛ፣ ብዙ ሰው የሚዘለው፣ የመስታወቶቹ ሚዛን ነው። የወደቀ ሌንስ ከውጭ ምንም ሳይታይበት አንዱ መስታወት ሊዛባ ይችላል። ጠፍጣፋ የብሎኬት ግድግዳ ፈልጉና አምስት የጋዜጣ ገጽ ለጥፉበት፦ አንድ መሐል፣ አራት በየማዕዘኑ። 135 በ6 ሜትር ርቀት በአግድም የሚያየው 1.6 በ1.07 ሜትር ስለሆነ ጋዜጦቹን በዚያ ልክ አስቀምጡ፤ ለ85 ርቀቱን ወደ 3.8 ሜትር ዝቅ አድርጉ። ትራይፖዱ ከግድግዳው ግራና ቀኝ ጫፍ እኩል መራቁን በገመድ ለኩ። ኤፍ 1.8፣ የ2 ሰከንድ ታይመር፣ ፎከስ መሐል ላይ። ፎቶውን አጉልታችሁ አራቱን ማዕዘን አወዳድሩ። አራቱም እኩል ትንሽ ለስለስ ቢሉ የተለመደ ነው። ግራው ፊደሉ የሚነበብ፣ ቀኙ የተቀባ ከሆነ ሌንሱ ተዛብቷል። ወደ ኤፍ 5.6 ዘግታችሁ ድገሙት፤ አሁንም አንድ ጎን ከለሰለሰ ቀብዳችሁን አትስጡ።

አምስተኛ የነጠላው ፈተና። ነጭ ነጠላ ጸሐይ ላይ፣ ከኋላው ጥቁር አጥር ወይም ጥላ እንዲሆን አድርጋችሁ ስቀሉና በኤፍ 1.8 አንሱ። ፎከሱ ካረፈበት ፊት ለፊት ያለው የነጭ ጠርዝ ሐምራዊ፣ ከኋላ ያለው አረንጓዴ የሚያወጣ ከሆነ ሌንሱ ቀለም ይበትናል። ሁሉም ፈጣን ሌንስ ጥቂት አለው፤ ኢኤፍ 85 ኤፍ 1.8 በዚህ ይታወቃል። ወደ ኤፍ 2.8 ሲዘጋ አብዛኛው ይጠፋል። ሌላ ከተማ ላይ ይህ ቸል ሊባል ይችል ይሆናል፤ ሕዝቡ ሁሉ ነጭ ለብሶ በጸሐይ በሚወጣበት፣ ሙሽራዋም ቬሎ በለበሰችበት ሥራ ላይ ግን ፎቶ በፎቶ ሐምራዊ ጠርዝ ስታጠፉ ማደር ነው።

በመጨረሻ አውቶ ፎከሱ። ሰው ከ15 ሜትር ላይ ወደ እናንተ በተለመደ አካሄድ ይምጣ። ተከታታይ ፎከስ፣ የዓይን መለያ በርቶ፣ ኤፍ 1.8፣ 1/1000፣ ሠላሳ ያህል ፎቶ። አጉልታችሁ ዓይኑን ተመልከቱ። እዚህም እዚያም ጥቂት መሳቱ ያለ ነው። መጀመሪያው ጠርቶ ከዚያ ሁሉም ከጆሮው ላይ ካረፈ ግን ወይ ሞተሩ ደክሟል ወይ የሌንሱ ሶፍትዌር አሮጌ ነው። የቪልትሮክስ ሌንሶች ማዘመኛ የዩኤስቢ ቀዳዳ ራሳቸው ላይ ስላለ ይህ በቤት ይስተካከላል፤ ሻጩ ፊት አዘምናችሁ ድገሙት።

ስለ ዋጋው ቁጥር ብንጽፍ በወሩ ያረጃል። የውጭ ምንዛሪ ሐምሌ 2016 ላይ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የሌንስ ዋጋ ከዶላሩ ጋር ይወጣል ይወርዳል። በዚያው ቀን ያገለገለው ሌንስ ውጭ አገር በስንት ዶላር እንደሚሸጥ ተመልከቱ፣ በዕለቱ ምንዛሪ አባዙ፣ ከዚያ ተከራከሩ። ቀብድ ስትሰጡ የሌንሱ ሴሪያል ቁጥርና ቢያንስ የሦስት ቀን መመለሻ ጊዜ በጽሑፍ ይስፈር። ከገንዘባችሁም ለሁድ (የሌንሱ ፊት መከለያ)፣ ብርሃን ለሚቀንሰው ኤንዲ ፊልተርና ርጥበት ለሚመጠው ሲሊካ ጄል የሚሆን አስቀሩ፤ የ82 ሚሊ ሜትር ፊልተር ከ67ቱ በጣም እንደሚወደድ አትርሱ።

ደረጃ 5፦ ጥር ከመግባቱ በፊት ካሜራውን አስተካክሉ

ቀትር ላይ በአይኤስኦ 100 እና ኤፍ 1.8 ሸተሩ 1/8000 ይጠይቃል። ብዙ ካሜራ ደግሞ 1/4000 ላይ ይቆማል፣ ፎቶውም ይነጣል። ኤንዲ 8 ፊልተር ይህን ወደ 1/1000 ያወርደዋል፤ ፊልተሩ ከሌለ ወደ ኤፍ 2.8 ዝጉ።

«ኤሌክትሮኒክ ፍሮንት ከርተን» የሚለውን ሸተር ሜኑው ውስጥ ፈልጉና ከ1/1000 በላይ ስትሠሩ አጥፉት። ካልጠፋ ከኋላ ያሉት የደበዘዙ ክብ መብራቶች ግማሻቸው ተቆርጦ ይወጣል፤ ሰዉ ጥፋቱን ሌንሱ ላይ ያደርገዋል፣ ሌንሱ ግን ንጹሕ ነው። ኤልኢዲ መብራት ያለበት አዳራሽ ውስጥ ፎቶው ላይ የጠቆረ መስመር ከመጣ፣ ሜካኒካል ሸተር ይዛችሁ 1/100 ወይም 1/50 አድርጉ፤ የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ከእሱ ጋር ይገጥማል።

ሁሉም ነጭ በለበሰበት ካሜራው ነጩን ግራጫ ለማድረግ ስለሚሞክር ፊት ይጠቁራል። ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን ድምቀት) ከ0.7 እስከ 1 ስቶፕ ከፍ አድርጉ፤ 1 ስቶፕ ማለት የብርሃን እጥፍ ነው። ነጠላው ዝርዝሩ እንዳይጠፋ ደግሞ ከመጠን በላይ የነጣውን በመስመር የሚያሳየውን ዜብራ 100 ላይ አብሩት። ሰውየው ብቻውን ነጭ ለብሶ ጀርባው ጥላ ሲሆን ነገሩ ስለሚገለበጥ ወደ ዜሮ ወይም ከዚያ በታች መልሱት።

ባሕሩ ከተባረከ በኋላ ጠበል በጎማ ሲረጭ ሌንስ አትቀይሩ። «አቧራና ርጥበት ይከላከላል» የሚለው ጽሑፍ ጠብታ ይችላል ማለት ነው፤ የጎማ ውኃ አይችልም፤ አዳፕተር ካለበት ደግሞ መጋጠሚያው ሁለት ስለሚሆን ይበልጥ ይጠንቀቁለት። ካሜራውንና ሌንሱን ግልጽ ፕላስቲክ ከረጢት አልብሱ፣ ሁዱ ጋ በላስቲክ እሰሩት። ቤት ስትገቡ መጀመሪያ ውጩን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ከዚያ ሌንሱን ፈትታችሁ ሁለቱንም ክዳን ሳትከድኑ ከአቧራ ራቅ ባለ ቦታ ሌሊቱን አሳድሩት። ጠዋት ሲሊካ ጄል ካለበት፣ ክዳኑ ጥብቅ ከሆነ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አስገቡት፤ የካሜራ ቦርሳው ግን ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ድረስ ባዶውን ይቆይ።